አልገጥም የሚሉ ግድግዳዎች፦ የጌም ማፕ ስሠራ ያየሁት

የራሱን ማፕ፣ ማለትም ጌሙ የሚካሄድበትን ቦታ፣ መሥራት የጀመረ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚማረርባት ነገር አለች። በሁለት ግድግዳዎች መሃል የምትታይ ቀጭን ክፍተት። ማፑ የሚሠራበት ፕሮግራም፣ ኤዲተሩ ውስጥ ሲያዩት ልክክ ብሎ ገጥሟል። ጌሙን አስነስተው ሲጠጉት ግን በመጋጠሚያው በኩል ሰማይ ይታያል። አንዱን ነካ ሲያደርጉት በዚህ በኩል ይዘጋና በዚያ በኩል ይከፈታል። ያኛውን ሲገፉ ደግሞ ጣሪያው ይለቃል። ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ነው።

እኔ ከጓደኞቼ ጋር የምንጫወትባቸውን ማፖች መሥራት ከጀመርኩ ሰንብቻለሁ። ሶርስ ለተባለው የጌም ኢንጂን ማፕ በሚሠራበት በሀመር ጀመርኩ፣ ከዚያ ወደ ሌሎቹ የጌም መሥሪያዎች ወደ ዩኒቲና አንሪል ሄድኩ፣ አሁን አሁን ጎዶትንም እነካካለሁ። ኤዲተሮቹ መልካቸው ይለያይ እንጂ ዕቃ እንዳይገጥም የሚያደርጉት ምክንያቶች እፍኝ አይሞሉም። ብዙ ጀማሪ ጥፋቱን ወደ እጁና ወደ ዓይኑ ይወስደዋል። ግንበኛ እንኳ ግድግዳ ሲያቆም የሚያምነው ቱምቢውንና ውሃ ልኩን ነው። እዚህም መጀመሪያ መጣራት ያለበት ዕቃው ከየት ተለካ፣ በምን ተለካ፣ ስንት ዲግሪ ዞረ የሚለው ነው። ይህ ሳይጣራ ዕቃ መግፋት ትርፉ ድካም ነው።

ከፒቮት ልጀምር፤ ከማየው ችግር አብዛኛው የሚመጣው ከሱ ነውና። ግሪድ ስናፕ (ዕቃ በእኩል ርቀት በተሰመሩት የግሪድ መስመሮች ላይ እንዲያርፍ የሚያደርገውን) ስታበሩ ግሪዱ ላይ የሚያርፈው የግድግዳው ጠርዝ ይመስላችኋል። አይደለም። የሚያርፈው ፒቮቱ ነው፤ ማለትም ኤዲተሩ የዕቃውን ቦታ የሚቆጥርበት ነጥብ። ነጥቡ ያለው ሞዴሉን የሠራው ሰው የተወው ቦታ ላይ ነው። ጥግ ላይ ሊሆን ይችላል፣ መሃል ላይ ሊሆን ይችላል፣ አንዳንዴም ከዕቃው ርቆ አየር ላይ ተንሳፎ ይገኛል።

በቁጥር እንየው። ግሪዳችሁ 100 ሳንቲሜትር ነው እንበል። ፒቮቱ መሃሉ ላይ ያለ የ400 ሳንቲሜትር ግድግዳ ዜሮ ላይ ብታስቀምጡ፣ አንዱ ጫፉ በግራ 200 ላይ፣ ሌላው በቀኝ 200 ላይ ይወድቃል። ሁለቱም ግሪዱ ላይ ናቸው፤ ሁሉ ሰላም። አሁን ከዚያው ጥቅል (ተሠርተው አብረው ከሚመጡ ዕቃዎች ስብስብ) የ300 ግድግዳ አምጡ። የሱም ፒቮት መሃል ነው። እኩሌታው 150 ስለሆነ ጫፎቹ ግሪዱ ላይ ማረፍ አይችሉም። ከ400ው ጎን ልታቆሙት ስትሞክሩ ወይ 50 ሳንቲሜትር ይገባበታል ወይ 50 ሳንቲሜትር ይርቀዋል። ሰው እዚህ ሲደርስ ይሰለቸውና ግሪዱን ወደ 1 አውርዶ በዓይኑ ያስጠጋዋል። መሆን ያለበት 350 ላይ ሆኖ ሳለ 347 ላይ ይቆማል፤ የገጠመ ይመስላል። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ዕቃ ሁሉ የዚያችን 3 ሳንቲሜትር ዕዳ ተሸክሞ ይሄዳል። ክፍሉ ዞሮ ሲዘጋ የመጨረሻው ግድግዳ ከመጀመሪያው ጋር አይገናኝም። ሰውየው ደግሞ ችግሩን የሚፈልገው እዚያው መጨረሻው ላይ ነው!

መድኃኒቱ ፒቮቱን ማዛወር ነው። ብሌንደር (ሞዴል መሥሪያው ፕሮግራም) ውስጥ ሞዴሉን ከፍታችሁ የምትፈልጉትን የጥግ ነጥብ መምረጥ፣ ሺፍትና ኤስ ተጭናችሁ ከርሰሩን ወደተመረጠው ነጥብ ማምጣት፣ ከዚያ ከኤዲት ሞድ ወጥታችሁ ሴት ኦሪጂን ከሚለው ሜኑ ኦሪጂኑን (ብሌንደር ፒቮቱን የሚጠራበት ስም ነው) ወደ ስሪዲ ከርሰሩ መውሰድ ነው። ብሌንደር የማትነኩ ከሆነ በኤዲተራችሁ ውስጥ ባዶ ዕቃ ፈጥራችሁ ጥጉ ላይ አቁሙትና ግድግዳውን ከሥሩ ልጅ አድርጉት። ከዚያ በኋላ የምታንቀሳቅሱት ባዶውን ይሆናል። ፒቮቱ የት ይሁን ለሚለው የኔ ልማድ ይህ ነው፦ ግድግዳና ወለል የታችኛው ጥግ ላይ፣ በር ማጠፊያው ላይ፣ ምሰሶ ከሥሩ መሃል ላይ፣ የጣሪያ መብራት ደግሞ ከላይ ጣሪያውን የሚነካበት ቦታ ላይ። ሌላ ምርጫ ያለው ሰው አልከራከረውም። አንድ ዓይነት ዕቃ ሁሉ አንድ ዓይነት ፒቮት ይኑረው እንጂ።

አንድ ጊዜ ያወረድኩት የግንብ ጥቅል በዚህ ጉዳይ ጉድ አሳይቶኛል። ድፍን ግድግዳዎቹ ፒቮታቸው ጥግ ላይ ነው። መስኮት ያላቸው ግድግዳዎች መሃላቸው ላይ። ደረጃዎቹማ ጭራሽ ፒቮታቸው ከራሳቸው ብዙ ሜትር ርቆ ነው የተገኘው፤ ሠሪው ሁሉንም በሰልፍ ደርድሮ ሠርቶ ወደ ዜሮ ሳይመልስ ነው ኤክስፖርት ያደረገው። ከዚያ ወዲህ ማንኛውንም ጥቅል ማፕ ውስጥ ከማስገባቴ በፊት ባዶ ሲን (ምንም ያልተቀመጠበት ማፕ) ላይ እፈትነዋለሁ። አራት ግድግዳ፣ አራት ጥግ፣ አንድ የበር ግድግዳ፣ አንድ የመስኮት ግድግዳ ይዤ በስናፕ ብቻ፣ በዓይን ምንም ሳላስተካክል፣ ዙሪያውን የተዘጋ ክፍል እሠራለሁ። የመጨረሻው ቁራጭ የመጀመሪያው ላይ ልክ ካረፈ ጥቅሉ ጤነኛ ነው። ካላረፈ ችግሩ ገና ማፕ ሳይጀመር ታወቀ ማለት ነው። ከላዩ ሁለተኛ ፎቅ ጨምሩበት፤ የከፍታ ስህተት የሚጋለጠው እዚያ ነው።

ዩኒቲ የምትጠቀሙ ሁለት ነገር ልብ በሉ። ከላይ በኩል ፒቮትና ሴንተር የሚል መቀያየሪያ አለ። ሴንተር ላይ ከሆነ ቀስቶቹ የሚታዩት በዕቃው መሃል ነው፤ ትክክለኛው ፒቮት የት እንዳለ ይደብቃችኋል። ማፕ ስትሠሩ ፒቮት ላይ ተዉት። ሁለተኛው፣ ኢንስፔክተሩ (የዕቃውን መረጃ የሚያሳየው ሳጥን) ላይ የምታዩት የቦታ ቁጥር ከፓረንቱ፣ ማለትም ልጅ ከሆነበት ዕቃ፣ የተለካ ነው። ፓረንቱ 3.27 ላይ ከተቀመጠ ልጆቹ 0፣ 4፣ 8 እያሉ ቢያምሩም ዓለሙ ውስጥ ሁሉም 0.27 ተንሸራተዋል። ዕቃ የምትሰበስቡባቸውን ባዶ ፓረንቶች ዜሮ ላይ አስቀምጡ፤ ሌላ ቦታ ምንም አያደርጉላችሁም። ኮንትሮል ይዛችሁ ስትጎትቱም ዕቃው በደረጃ የሚዘለው ካለበት ቦታ ተነስቶ ነው። እርምጃው 1 ከሆነ 0.37 ላይ የነበረ ወደ 1.37 ይሄዳል። ስናፕ በርቷልና ግሪዱ ላይ ነኝ አትበሉ።

አሁን ወደ መለኪያው። አንሪል ውስጥ 1 ዩኒት 1 ሳንቲሜትር ነው። ዩኒቲ ውስጥ 1 ዩኒት 1 ሜትር ነው። ብሌንደርም ሳይነካ በሜትር ነው የሚያስበው። ስለዚህ ሞዴል ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሻገር 100 እጥፍ ገዝፎ ወይም 100 እጥፍ አንሶ ቢመጣ አይግረማችሁ። የሚያስቸግረው መግዘፉ አይደለም፤ እሱማ ወዲያው ይታያል። የሚያስቸግረው ሰው ማፑ ውስጥ ስኬሉን (የመጠን ማባዣውን) እየጎተተ «እስከዚህ ይበቃዋል» ብሎ 0.97 ላይ ሲተወው ነው። 4 ሜትር የነበረው ግድግዳ 3.88 ሆነ። በየትኛውም ግሪድ ላይ አይገጥምም። መጠን የሚስተካከለው ኢምፖርት ሴቲንጉ ላይ ወይም ብሌንደር ውስጥ ኮንትሮልና ኤ ተጭኖ ስኬሉን አፕላይ በማድረግ ነው። ማፑ ውስጥ የግንባታ ዕቃ ሁሉ ስኬሉ 1 ይሁን። ድንጋይና ዛፍ ላይ እንደልባችሁ።

ለተወሰነ ጌም የምትሠሩ ከሆነ ደግሞ የጌሙን ልክ ተከተሉ። ፎርትናይት ክሪኤቲቭ ውስጥ የወለሉ ጎን 512 ነው፣ የግድግዳው ቁመት 384። በ500 እና በ400 የተሠራ ዕቃ ይዞ የሄደ ሰው መቼም ሰላም አያገኝም። ማይንክራፍት ላይ ብሎኩ ራሱ ግሪድ ስለሆነ እንዲህ ያለ ጣጣ የለም፤ ያለው የጎደሎና የሙሉ ቁጥር ጉዳይ ነው። ስፋቱ 10 ብሎክ የሆነ ፊት ላይ መሃል የሚባል ብሎክ የለም። አንድ ብሎክ በር መሃሉ ላይ ከፈለጋችሁ ስፋቱን 9 ወይም 11 አድርጉ። ሁለቱም ቡድን እኩል መሆን ያለበት ማፕ ላይ ይህ ካልታሰበ አንዱ ወገን አንድ ብሎክ አጥሮ ይቀራል።

የግሪድ ቁጥር ምርጫ ላይ እኔ የ2 እጥፎች (2 በራሱ እየተባዛ የሚመጡት ቁጥሮች) ወገን ነኝ፦ 8፣ 16፣ 32፣ 64፣ 128፣ 256። ሀመር የለመደ ሰው ይህ ደሙ ውስጥ ነው። ጥቅሙ ሁሉም ለሁለት ሲከፈል ሌላ የግሪድ ቁጥር መስጠቱ ነው። አንሪል ሲከፈት የሚሰጣችሁ 1፣ 5፣ 10፣ 50፣ 100 ነው፤ 50ን ለሁለት ስትከፍሉ 25 ይመጣል፣ 25 ደግሞ ዝርዝሩ ውስጥ የለም። ኤዲተር ፕሪፈረንስ ውስጥ ወደ 2 እጥፎች የሚቀይር ምርጫ አለ። ጥቅላችሁ በ100 የተሠራ ከሆነ ግን አትንኩት።

ወደ መዞር ስንመጣ ሒሳብ ግድ ይላል። የ256 ግድግዳ 45 ዲግሪ ስታዞሩት በሁለቱም አቅጣጫ የሚሸፍነው 181.02 ነው። ግሪዱ ላይ የሚያርፍበት መንገድ የለም። ሰያፍ ግድግዳ ሲያስፈልግ ርዝመቱ 362.04 የሆነ ለብቻው ይሠራል፤ ያኔ አንዱ ጫፉ ዜሮ ላይ ሆኖ ሌላው በሁለቱም አቅጣጫ 256 ላይ ያርፋል። ሀመርና ትሬንችብሩም በሚባለው ሌላ የማፕ ኤዲተር ላይ ደግሞ ጭራሽ አታዙሩ። የጥጎቹን ነጥቦች በቨርቴክስ ቱል ከግሪድ ነጥብ ወደ ግሪድ ነጥብ ውሰዱ፤ ሰያፉ በራሱ ይወጣል። የተዞረ ብራሽ (እዚያ ግድግዳ የሚሠራበት ድፍን ቅርጽ) ነጥቦቹ ከግሪዱ ይወጡና ኮምፓይል ሲደረግ (ማፑ ወደ ጌም ፋይል ሲቀየር) የፀጉር ያህል ክፍተት ይተዋል።

ከዚህ የባሰው ግን የማይታየው መዞር ነው። በማውስ ሲጎተት ሳይታወቅ 0.1 ዲግሪ የዞረ ግድግዳ። ስታዩት ቀጥ ያለ ነው። ግን በ40 ሜትር ርዝመት ላይ ጫፉ 7 ሳንቲሜትር ያህል ይንሸራተታል። ረጅም ኮሪደር ሠርታችሁ መጨረሻው ላይ በሩ ካልገጠመ ቦታውን ከመመርመራችሁ በፊት ሮቴሽኑን እዩ። ሰያፍ ካልሆነ በቀር እዚያ ላይ 0፣ 90፣ 180 እና 270 ብቻ ነው መኖር ያለበት። ፓረንቱ በአንድ በኩል ብቻ የተለጠጠ ከሆነ ደግሞ ከሥሩ ያለ ልጅ ሲዞር ይንጋደዳል፤ ኩብ የነበረው ወደ ጎን ያጋደለ ይሆናል። ይህን ያየ ሰው ሞዴሉ የተበላሸ ይመስለዋል፤ ሞዴሉ ግን ደህና ነው።

ክፍተት ብቻ ሳይሆን መደራረብም ችግር ነው። ሁለት ገጾች አንድ ቦታ ላይ ልክ ሲተኙ ካሜራው ሲንቀሳቀስ ይርገበገባሉ፣ አንዱ በሌላው ላይ ጥርስ ጥርስ እያለ ይወጣል። የግራፊክስ ሰዎች ዜድ ፋይቲንግ ይሉታል። ኮምፒውተሩ ማን ከፊት ማን ከኋላ እንደሆነ የሚለየው በተመዘገበው ርቀት ነው፤ ሁለቱ እኩል ሲሆኑበት በየፒክስሉ ይዋዥቃል። ምንጣፍን ከወለሉ 1 ሚሊሜትር ከፍ አድርጎ ማለፍ የተለመደ ነው። ከቅርብ ይሠራል። ከሩቅ ሲታይ ግን እንደገና መርገብገብ ይጀምራል፤ ምክንያቱም አብዛኛው የርቀት ትክክለኛነት የሚውለው ካሜራው አጠገብ ነው፣ ሩቅ ላይ ብዙም አይተርፍም። ስለዚህ ወይ ከፍታውን ጨምሩ፣ ወይ ዲካል (ገጽ ላይ የሚለጠፍ ሥዕል) ተጠቀሙ፣ ወይ ከሥር የተሸፈነውን ገጽ አጥፉት። የካሜራው ኒር ፕሌን (ካሜራው ማየት የሚጀምርበት ቅርብ ርቀት) እጅግ አንሶ ከሆነም ከፍ አድርጉት፤ ከ0.01 ወደ 0.1 ብቻ ማምጣት እንኳ ብዙ ያረጋጋል።

ሶርስ ላይ ለምትሠሩ ስለ ሊክ ሳልናገር አላልፍም። ማፑ ከውጭው ባዶ በደንብ ካልታሸገ ኮምፓይሉ ሊክ አለ ይላል፣ የዕይታ ስሌቱም (ከየት ምን እንደሚታይ የሚለየው) አይሠራም፣ ጌሙም ይንቀራፈፋል። ሀመር ውስጥ ፖይንት ፋይል (ኮምፓይሉ ሊኩን የመዘገበበትን ፋይል) ስትጭኑ ቀይ መስመር ይመጣል፤ ከአንድ ኢንቲቲ (እንደ መብራት ወይም የተጫዋች መነሻ ያለ ነገር) ተነስቶ እስከ ቀዳዳው ይወስዳችኋል። መስመሩ ከግንባታው የሚወጣበት ቦታ ላይ አንዲት ዩኒት የጎደለችው ግድግዳ ትገኛለች። ግድግዳው የገጠመ መስሎ ካገኛችሁት ደግሞ ዓይነቱን እዩ፦ ዲስፕሌስመንት (ጎርባጣ መሬት የሚሠራበት)፣ ፕሮፕ (የተቀመጠ ሞዴል) እና ዲቴይል ብራሽ (ለዝርዝር ነገር የሚውለው) አያሽጉም። የሚያሽገው ተራው የወርልድ ብራሽ ብቻ ነው። ማፑን በሙሉ ትልቅ ሳጥን ውስጥ ክተቱት የሚል ምክር ትሰሙ ይሆናል። አትስሙ። ሊኩ ይጠፋል፤ ማንም የማያየው የማፑ ውጫዊ ገጽ ሁሉ ግን ስሌት ውስጥ ይገባና ጌሙ ይከብዳል።

የእግር ጉዳይም አለ። ወለሎች ትንሽ ከፍና ዝቅ ቢሉ ተጫዋቹ ላይሰማው ይችላል፤ ሶርስ እስከ 18 ዩኒት ያለ ደፍ ያሻግረዋል፣ አንሪል ሳይነካ እስከ 45 ሳንቲሜትር፣ የዩኒቲ ካራክተር ኮንትሮለር እስከ 0.3 ሜትር። ስለዚህ በእግር ሄዳችሁ ስለፈተናችሁት ደህና ነው አትበሉ። ኳስ አንከባሉበት፣ መኪና ካለ ንዱበት። የሚገርመው ወለሎቹ ፍጹም ገጥመው እንኳ ኳሱ መጋጠሚያው ላይ ሊዘል ይችላል። ፊዚክሱ እያንዳንዱን ወለል ለብቻው ስለሚያየው ውስጥ የተደበቀውን ጠርዝ እንደ እውነተኛ ጠርዝ ይመታዋል። እዚህ ላይ ወለሉን ማስተካከል ዋጋ የለውም፤ የየወለሉን ኮሊዥን (ፊዚክሱ የሚጋጭበትን የማይታይ ቅርጽ) አጥፍታችሁ ከላያቸው አንድ ረጅም የማይታይ ኮሊዥን ዘርጉበት።

ትልቅ ማፕ የምትሠሩ ከዜሮ ነጥቡ አትራቁ። ቦታ የሚመዘገበው ብዙ ጊዜ በ32 ቢት ቁጥር ነው፤ እሱ ደግሞ የሚይዘው ወደ 7 አሃዝ ያህል ብቻ ነው። በሜትር ስትሠሩ ከዜሮ 10 ኪሎሜትር ላይ ትንሿ እርምጃ 1 ሚሊሜትር ገደማ ናት። 100 ኪሎሜትር ላይ 8 ሚሊሜትር ገደማ ትሆናለች፤ ያኔ ግድግዳ ማስገጠም ቀርቶ የተጫዋቹ እጅ ራሱ ይንቀጠቀጣል። አንሪል 5 ወደ 64 ቢት ስለተሻገረ ይህን አቅልሎታል። በሌላ በኩል ኢንስፔክተሩ 3 ብላችሁ የጻፋችሁትን 2.999999 ብሎ ቢያሳያችሁ እንቅልፍ አያሳጣችሁ። እሱ ማንም የማያየው ነው። 2.97 ካለ ግን ተነሱ።

ቱዲ (ጠፍጣፋ ጌም) ላይ ለምትሠሩ ባጭሩ፦ ታይልድ በሚባለው የማፕ ኤዲተር ላይ የታይል (ማፑ የሚገጣጠምበት ትንሽ ሥዕል) ኦብጀክት የሚለካው ከታች ግራ ጥጉ ነው፣ ተራው ሬክታንግል ግን ከላይ ግራ ጥጉ። ኮዳችሁ ሁለቱን እኩል ካነበባቸው ሳጥኖቹ ሁሉ አንድ ታይል ተንሸራተው ይመጣሉ። ዩኒቲ ላይ ፒክስል ፐር ዩኒት (አንድ ዩኒት የሚይዘው የፒክስል ብዛት) ሳይነካ 100 ነው፤ ታይላችሁ 16 ፒክስል ከሆነ 16 አድርጉት፣ ፊልተሩንም ፖይንት ላይ። ጎዶት ላይ ስፕራይት (የቱዲ ሥዕል) መሃሉ ላይ ነው የሚቆመው፤ ስፋቱ ጎደሎ ፒክስል ከሆነ ግማሽ ፒክስል ላይ ያርፍና ይደበዝዛል።

ክፍተት ለማደን የማደርገው አንድ ነገር አለ። ሰማዩን አውጥቼ በምትኩ ዓይን የሚወጋ ሐምራዊ ቀለም እሞላዋለሁ፣ መብራቱን ሁሉ አጠፋለሁ፣ ከዚያ ክፍሎቹ ውስጥ እዞራለሁ። የትኛዋም ቀዳዳ በሐምራዊ ታበራለች። ቀጥሎ ኤዲተሩን ወደ ኦርቶግራፊክ (ርቀት መጠንን የማያሳንስበት) የላይ ዕይታና ወደ ዋየርፍሬም (የዕቃው መስመሮች ብቻ ወደሚታዩበት) እቀይራለሁ። በፐርስፔክቲቭ የገጠመ የሚመስል ጥግ እዚያ ላይ ሁለት መስመር ሆኖ ይታያል።

ይህ ሁሉ ሰው ለሠራው ነገር ነው፤ ለግድግዳ፣ ለወለል፣ ለደረጃ፣ ለበር። ድንጋይ፣ ዛፍ፣ ቁጥቋጦና ፍርስራሽ ጋ ስትደርሱ ስናፑን አጥፉት። በ90 ዲግሪ የተደረደረ ድንጋይ ወዲያው ያስታውቃል። በዘፈቀደ አዙሩት፣ መጠኑን ለዋውጡት፣ ሥሩንም መሬት ውስጥ ቅበሩት። አንሪል ላይ ኢንድ የሚለውን ቁልፍ ስትጫኑ ዕቃው መሬት ላይ ያርፋል፤ ዳገት ላይ ከሆነ ግን በአንድ በኩል ተንጠልጥሎ ይቀራል። ተንጠልጥሎ የቀረው ጎን ከአፈሩ ሥር እስኪገባ ድረስ ዝቅ አድርጉት።